ስለ አንባቢው መኪናና ስለ ዝምተኛው አገር

ዕውቀት ወደ ሰው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሰው ራሱ አይቶ፥ ዳስሶና መርምሮ የሚያገኘው ነው፤ ሁለተኛው ሌላው ያየውን ሰምቶ ወይም አንብቦ የሚቀበለው ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ አጭር፥ እግሩም የማይደርስበት አገር ብዙ ነውና። ሁለተኛው እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አደራ አለበት። ተናጋሪው ያላየውን አየሁ ካለ፥ ሰሚውም ሳይጠይቅ ከተቀበለ፥ ያ ነገር ዕውቀት መሆኑ ይቀርና የስማ በለው ወሬ ይሆናል።

በዘመናችን ይህን ሁለተኛውን መንገድ ብቻ ይዞ የተነሣ እንግዳ ተማሪ መጥቷል፤ እርሱም ኮምፒዩተር ነው። ይህ ተማሪ የዘንገናን ሐይቅ የሚያይበት ዓይን፥ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የሚሄድበት እግር፥ የባንጃን ድንች የሚኮተኩትበት እጅ የለውም። የሚያውቀው ሁሉ፥ ሰዎች ጽፈው በዓለም ላይ በተዘረጋው በኢንተርኔት ያኖሩትን እያነበበ የሰበሰበው ነው። አባቶቻችን የሚጽፈውን የጽሕፈት መኪና፥ የሚሰፋውን የስፌት መኪና ብለው እንደ ሰየሙ፥ እኛም ይህን አንባቢ መኪና ብንለው ስሙ ይስማማዋል።

ስለዚህ መኪና በወጣቶቻችን መካከል ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኞቹ «ሁሉን የሚያውቅ መጥቶልናል፤ ከእንግዲህ መጽሐፍ መግለጥ፥ ሽማግሌ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ስለ እኛ የሚያወራው ውሸት ነው፤ እኛንም አይመለከተንም» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የሚገርመውም፥ ተቃራኒ መስለው ሳሉ ሥራቸው አንድ መሆኑ ነው፤ እነዚያ ለማወቅ አይደክሙም፥ እነዚህ ለማሳወቅ አይደክሙም፤ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንባቢ ከተጻፈለት አያልፍም። ስለ አገራችን እውነቱን ጽፈን ካላኖርን፥ መኪናው የባዳን ግምት አንብቦ «የእናንተ ነገር ይህ ነው» ብሎ ለልጆቻችን ይመልስላቸዋል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይሆንም።

አስቀድመን መኪናው እንዴት እንደሚማር እንመልከት፤ የአሠራሩን ሥር ሳያውቁ ማመንም ሆነ መናቅ የዋህነት ነውና። በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፥ ፕሮፌሰር ቶም ሚቼልና ባልደረቦቻቸው ኔል ብለው የሰየሙትን ኮምፒዩተር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ አስጀመሩት። ሥራውም ሌሊትና ቀን ሳያርፍ የኢንተርኔት ጽሑፍ ማንበብ፥ ካነበበውም ውስጥ ይህ ከተማ ነው፥ ይህ ወንዝ ነው፥ ይህ ምግብ ነው እያለ ነገሩን ሁሉ በየወገኑ መለየት ነበር። ብዙውን በትክክል ለየ። ነገር ግን ኩኪ የሚባል ቃል አገኘ። ኩኪ በእንግሊዝኛ የሚበላ ብስኩት ነው፤ በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ ግን የኢንተርኔት ገጽ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ ስም ነው። ኔል ይህን ሁለተኛውን ኩኪ ከዳቦና ከኬክ ጋር መደበው።

ስሕተቱም በዚህ አላበቃም። ሰዎች ኩኪን ከኮምፒዩተራቸው ላይ እንደሚያጠፉ አነበበ፤ ደግሞም ፋይልን እንደሚያጠፉ አነበበ፤ እንግዲያውስ ፋይልም ከምድጃ የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ደመደመ። አንዲት የተሳሳተች ቃል ሌሎቹን ጎትታ ገደል ከተተቻቸው። ከገደሉ ያወጡት ዳቦ ምን እንደሆነ፥ ፋይልም ምን እንደሆነ በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ከኔል እጅግ ይበልጣሉ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና ጓደኞቹ ሲጠየቁ እንደ ሰው ዐረፍተ ነገር ሠርተው ይመልሳሉ። ሆኖም የትምህርታቸው መሠረት ያው ንባብ ነው። ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ያነባሉ፤ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባ መገመትን ይለምዳሉ። ብዙ ጊዜ ተጽፎ ያገኙት ነገር በግምታቸው ይበረታል፤ ጥቂት ጊዜ የተጻፈው ይደክማል፤ ያልተጻፈው እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። በአዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒዩተር ሊቅ ትምኒት ገብሩ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ሆና በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህን መኪኖች ከበቀቀን ጋር ያመሳሰለቻቸው ስለዚህ ነው። በቀቀን የሰማውን አሳምሮ ይናገራል፤ የተናገረውን ግን ልቡ አያውቀውም።

ይህን ለመረዳት ለጎጃም ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ዳዊት ሲደግም ግዕዙን ሳያውቅ ቃሉን ሳይሰብር ያወርደዋል፤ የሰማው እንግዳ ሊቅ ነው ሊለው ይችላል። መምህሩ ግን አይታለሉም። ገና ቅኔው፥ ገና ትርጓሜው እንደሚቀረው ያውቃሉና ንባብ ያደላደለውን ልጅ አንባቢ ይሉታል እንጂ ሊቅ አይሉትም። አንባቢው መኪና ከዚህ ሕፃን የሚለየው የንባቡ ብዛት ከሰው ዕድሜ በላይ መሆኑ ነው። በብዛቱ ልናደንቀው ይገባል፤ ብዛቱን ግን ከትርጓሜ ጋር ማደባለቅ አይገባም።

«ብዙ ሰው የጻፈው ነገር እንዴት ውሸት ሊሆን ይችላል?» የሚል ወጣት ቢኖር፥ ለአዊ ጎረቤት ወደ ሆነችው ወደ ሰከላ፥ ወደ ግሽ ዓባይ ይመልከት። ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 1770 ዓ.ም. ከግሽ ምንጭ አጠገብ ቆመና የዓባይን ምንጭ ከኤውሮፓ ሰዎች በመጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ አለ። በ1790 ዓ.ም. ይህን በአምስት ክፍል መጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን ከርሱ 152 ዓመት በፊት፥ በ1618 ዓ.ም.፥ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ግን የፓኤዝን ነገር አልቀበልም ብሎ ተከራከረ፤ መጽሐፉም ገንኖ ስለ ወጣ ብዙ አንባቢ እርሱን ተከተለ።

ከሁለቱም በፊት ደግሞ በዚያች ምንጭ ዙሪያ አገው ይኖር ነበር። ከብቱን ያጠጣባት፥ ያከበራት፥ ስሙንም ለመንገደኛው የነገረ እርሱ ነው። እርሱ ግን መጽሐፍ አላሳተመም። ስለዚህ በዓለም መጻሕፍት ላይ ክርክሩ ሁሉ «ከሁለቱ እንግዶች ማን ቀደመ?» የሚል ሆነ፤ የቤቱ ባለቤት በገዛ ደጁ ከክርክሩ ውጭ ቀረ። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ጽፎ መቶ ሰው ቢገለብጠው ምስክሩ አንድ ነው እንጂ መቶ አንድ አይደለም። በሸንጎ የተቀመጠ የአገር ሽማግሌ ይህን ያውቃል፤ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ሳይጠይቅ የምስክር ቃል አይቀበልም። አንባቢው መኪና ግን ገልባጮቹን ሁሉ ቢቆጥር፥ ማን አይቶ ማን ሰምቶ እንደ ጻፈ የሚለይበት ሸንጎ በውስጡ የለውም።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። በሌላ አገር እውነት የሆነው በእኛ ዘንድ ውሸት ሲሆን ነው። ከሰል ማክሰል ደን ያጠፋል የሚል ጽሑፍ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ በብዙ ቦታም እውነት ነው። በአዊ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታየ። በዚያ ያለው አፈር አሲድ በዝቶበት እህል አልሰጥ ሲል፥ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳው ላይ መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን እያጨደ ለከብቱ ይሰጣል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉን ሸጦ መሬቱን እንደ ገና ይተክላል። ዛፉ አፈሩን ያድሳል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። በዚህ የተነሣ ከሰል የሚከሰልበት አገር ተራቁቶ በመቅረት ፈንታ ዛፍ ለበሰ።

አሁን አንድ የእንጅባራ ተማሪ አንባቢውን መኪና «ከሰል ማክሰል ለአገር ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ የሚያገኘው መልስ የዓለሙን ብዙኃን ቃል የተከተለ ይሆናል። ያ ተማሪ የአባቱን ማሳ ትቶ የመኪናውን ቃል ቢያምን፥ አባቱን አገር አጥፊ አድርጎ ይቈጥራል። እንደ ገና ደግሞ ስለ ፋግታ ለኮማ የተጻፈውን መልካም ጥናት ያነበበ መኪና ዛፉን ብቻ እያመሰገነ ቢመልስለት ያም ሙሉ እውነት አይደለም፤ በቅርብ ዓመታት ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ዝገት የመሰለ በሽታ ገብቶበት የብዙ ገበሬ ተክል ደርቋልና። ጽሑፍ በተጻፈበት ቀን ላይ ይቆማል፤ ማሳ ግን በየክረምቱ ይለወጣል። በሽታው በየትኛው ቀበሌ እንደ ጀመረ፥ የትኛው ማሳ እንደ ተረፈ የሚያውቀው በዚያ የሚያርሰው ሰው ነው። እርሱ የሚያውቀው ካልተጻፈ፥ መኪናው በትናንቱ ቃል ዛሬን ይመክራል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የአንድ ቤተ ሰብ የአራት ዓመት ድካምና ጎተራ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል፤ በዓድዋ ዘመቻ የተሰለፉት ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰቡበታል። ይህ ቀን በኤውሮፓ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥር 31 ነው። አቆጣጠራችንን የማያውቅ ተርጓሚ ጥርን በጥር ተክቶ 23 ቢለው ግን እንግዳው ከስምንት ቀን በፊት መጥቶ ባዶ ሜዳ ያገኛል። የዓድዋም ድል በእኛ 1888፥ በኤውሮፓ 1896 ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጽ የሚጽፍ ሰው መኪናውንም አንባቢውንም ያሳስታል። የአዊን ሕዝብ ቋንቋ አንዱ አውኚ፥ አንዱ አውንጊ፥ አንዱ አዊኛ፥ ሌላው አገውኛ ብሎ ይጽፈዋል፤ እንጅባራና እንጂባራ፥ ዳንግላና ዳንጊላ እየተባለም ይጻፋል። ለሰው እነዚህ አንድ ናቸው፤ በፊደል ቅርጽ ለሚመራው መኪና ግን አንዱ ከተማ ሁለት፥ አንዱ ቋንቋ አራት ሊሆንበት ይችላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ዝምታችን እንመለስ። ዝምታ ምን እንደሚያደርስ ለማየት የጋፋትን ቋንቋ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጋፋትኛ በዚሁ በጎጃም በዓባይ አካባቢ የሚነገር ቋንቋ ነበር። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛና በአገውኛ ጭምር አስጽፎ ወሰደ። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ጋፋትኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በመጣ ጊዜ ያገኛቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ማንም አይናገረውም። ያ ሁሉ ሕዝብ በጋፋትኛ የዘፈነው፥ የተሟገተው፥ ልጁን ያባበለበት ቃል ጠፍቶ፥ የተረፈው ጥቂት እንግዶች በወረቀት ላይ ያኖሩት ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ምሳሌ ለኛ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ ሥራ አልሆነም።

አውኚ እንደ ጋፋትኛ አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው፤ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ ይማሩበታል። ነገር ግን የግሡን ሥርዓት በሰፊው መርምሮ በ1969 በኤውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ ያሳተመው የሀንጋሪ ተወላጁ ሮበርት ሔትዝሮን ነው። ስለ ዳንግላም ብንጠይቅ፥ ከ1925 ጀምሮ በዚያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ እየለካ በ1936 በኤውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አወጣ። እነዚህን ሰዎች አንወቅሳቸውም፤ ያዩትን ጽፈዋልና ልናመሰግናቸው ይገባል። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ቺዝማን ዳንግላን ባየበት ዘመን ዳንግላም ቺዝማንን ታየው ነበር፤ የዳንግላ ሰው ያየው ግን በየትኛው መጽሐፍ አለ?

በኢንተርኔትም ላይ መልኩ ይኸው ነው። ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለው ዊኪፔድያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፥ በአማርኛ ያሉት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ናቸው። አማርኛ እንዲህ ከሆነ አውኚ ምን ያህል ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ደግሞም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት መኪኖቹ ማንበባቸውን አላቆሙም፤ ስለ ክልሉ የሚያነቡት ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ ሆኖ የሚጽፈውን ሰው ቃል ነበር። የቤቱ ሰው አፉ ተይዞ ሳለ የቤቱ ታሪክ በጎረቤት ይተረካል። ይህ በእኛ ፈቃድ የመጣ ዝምታ አልነበረም፤ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ዝም ማለት ግን የራሳችን ፈቃድ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አንሸሻቸውም።

አንዳንዶች «መኪናው እየሠለጠነ ሲሄድ ስሕተቱን ራሱ ያርማል» ይላሉ። በእርግጥም በየዓመቱ ይሻሻላል። ነገር ግን ያልተጻፈውን ከየት አምጥቶ ያርማል? መነጽር ዓይንን ያጠራል እንጂ በባዶ ገጽ ላይ ፊደል አይፈጥርም።

ሌሎች «ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው» ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ፤ ሠሪዎቹ ከወቀሳ አያመልጡም። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚናገር መኪና ለዓለም መሸጥ ከባድ ኃላፊነት ነው። በእኛ ባህል «አላውቅም» ማለት የጨዋ ሰው ክብር ነው፤ ይህን ክብር ለመኪናቸው ማስተማር የሠሪዎቹ ግዴታ ነው። ነገር ግን የሌላው ግዴታ የእኛን አያስቀርም። ጎረቤቱ አጥሩን አላጠረም ብሎ የራሱን አጥር የማያጥር ገበሬ አዝመራው በከብት ሲበላ ማንን ይከስሳል?

ሦስተኞቹ የሚሉት ከሁሉ ይከብዳል። «የአባቶቻችንን ዕውቀት ጽፈን ብናኖረው ባዕድ ኩባንያ በነጻ ወስዶ ይነግድበታል፤ ስለዚህ ደብቀን እንያዘው» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ዕውቀትን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰድ ዘረፋ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ተብሏልና መጠርጠራቸው መልካም ነው። ለትውልድ ተለይቶ የተያዘ የመድኃኒት ምሥጢር ቢኖር ባለቤቱ ያውቅበታል። ነገር ግን የአገር ታሪክ፥ የቦታ ስም፥ የቋንቋ ቃል፥ የበዓል ቀን ሲደብቁት የሚከበር ሀብት አይደለም፤ ሲደብቁት ከደባቂው ጋር ይቀበራል። ይልቅስ አስቀድሞ በራሳችን ወረቀት፥ በራሳችን ቤተ መጻሕፍት፥ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ፤ የተናጋሪውም ስም በፈቃዱ ይጻፍበት። ባለቤትነቱ በጽሑፍ የታወቀ ሀብት ቢወሰድ ተከራካሪ አለው፤ ያልተጻፈው ግን ቢወሰድም ባይወሰድም ምስክር የለውም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚቸኩሉትን ልናስጠነቅቅ ይገባል፤ ከዝምታ የሚብስ ጽሑፍ አለና። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. አንድ ነገር ተገለጠ። የስኮትላንድ ሰዎች ቋንቋ በሆነው በስኮትስ ከተጻፈው ዊኪፔድያ ውስጥ ብዙ ሺህ ጽሑፎችን ያዘጋጀው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ልጁ ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ የረዳ መስሎት እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየቀያየረ ለዓመታት ጻፈ። ውጤቱ ግን ቋንቋውን ለማያውቅ አንባቢ፥ ሰውም ይሁን መኪና፥ ሐሰተኛ አስተማሪ ማቆም ሆነ። ዛሬ ደግሞ መኪናው ራሱ ይጽፋል። ዐሥር ገጽ አስጽፎ፥ ሳያነብ በስሙ የሚያወጣ ወጣት፥ በጠላ ላይ ውሃ እየጨመረ እንደሚሸጥ ጠማቂ ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ያን የተበረዘ ጽሑፍ ነገ ሌላ መኪና ያነበዋል፤ ከዚያም ተምሮ ይጽፋል፤ እርሱንም ሌላው ያነበዋል። በየዙሩ ውሃው ይጨምራል፤ በመጨረሻ በጋኑ ውስጥ የሚቀረው ስሙ ጠላ የተባለ ውሃ ነው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ በአዊ ያላችሁ ወጣቶች፥ እናንት በዳንግላና በእንጅባራ፥ በቻግኒና በአዲስ ቅዳም የምትማሩ ልጆች፥ የሚከተሉትን ነገሮች እንድትይዙ እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ስትጽፉ ምስክራችሁን ተናገሩ። ያያችሁትን «አየሁ»፥ የሰማችሁትን «ከእገሌ ሰማሁ»፥ ያነበባችሁትን «ከዚህ መጽሐፍ አነበብሁ» በሉ። የዘንገና ሐይቅ ጥልቀቱ ይህን ያህል ነው ከማለታችሁ በፊት ማን እንደ ለካው፥ በምን እንደ ለካው፥ መቼ እንደ ለካው ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ቁጥሩን ተዉት።

ሁለተኛ፥ ቀንና ዘመን ያለ አቆጣጠሩ አትጻፉ። የቦታውንም ስም ባለቤቶቹ እንደሚጠሩት ጻፉ፤ ሌላም አጻጻፍ ካለው አብራችሁ አመልክቱ።

ሦስተኛ፥ አያት ያላችሁ፥ አያታችሁ ሳያልፉ ቀርባችሁ ጠይቁ። የአውኚን የዛፍ ስም፥ የከብት በሽታ ስም፥ የፈረስ ዕቃ ስም በአንድ ደብተር ሰብስቡ። አውኚ የማትችሉም ከሚችሉት ጋር ሆናችሁ ጻፉ፤ በማትችሉት ቋንቋ ግን ብቻችሁን አትጻፉ።

አራተኛ፥ መኪናውን ጠይቁት፤ አትፍሩት፥ አትናቁትም። ሒሳብና ሳይንስ ለመማር፥ የሩቅ አገርን ነገር ለመረዳት ብዙ ይጠቅማል። ነገር ግን በምታውቁት ነገር ፈትኑት። ስለ ገዛ ቀበሌያችሁ ጠይቁትና ምን እንደሚመልስ ተመልከቱ። በምታውቁት ከሳተ፥ በማታውቁትም ሊስት እንደሚችል ትማራላችሁ። የሳተውንም በሰማችሁበት ቀን ስቃችሁ አትለፉት፤ ትክክለኛውን ከነምስክሩ ጻፉ።

ይህ ሁሉ ሥራ ደመወዝ የለውም፤ የሚያመሰግንም ሰው ወዲያው አይገኝም። ነገር ግን እስቲ አስቡት። ዛሬ በእንጅባራ የሚወለደው ሕፃን አድጎ «እኔ ማን ነኝ? አያቶቼ እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ አልፈው ይሆናል፤ እጁ ላይ የሚገኘው አንባቢው መኪና ይሆናል። መኪናውም ያለውን ይሰጠዋል፤ የሌለውን አይሰጠውም፤ ወይም የሌለውን እንዳለ አድርጎ ፈጥሮ ይሰጠዋል። ያ ልጅ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ደብተር ላይ እውነቱን ከነምስክሩ ጽፎለት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የተባለውም ልክ ነው። ንጋት ግን ማንም ሳይደክምለት በራሱ ይነጋል። እውነት ተኝቶ ለሚጠብቃት አትጠራም፤ የምትጠራው የሚፈልጋት፥ የሚመሰክርላት፥ የሚጽፋትም ሰው ባለበት አገር ነው። እንግዲህ ብዕሩ በእጃችሁ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ገና በሕይወት አሉ።